ያለምወርቅ የምታስታውሰው ቤት

ያለምወርቅ ደመላሽ ጧፍ ሠሪ ናት። በደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ካለችው ከደብራችን ከማርያም በር ላይ፣ ከዋንዛው ሥር ትቀመጣለች። ሰሙን ከገበሬ ገዝታ ራሷ ታቀልጠዋለች፤ ጥጡን ራሷ ትፈትለዋለች፤ ክሩን በሁለት ችካል መካከል ወጥራ ለብ ያለውን ሰም በመዳፏ እያሻሸች ታለብሰዋለች። ከሱቅ የሚመጣው ጧፍ ይረክሳል፤ ግን ያለቅሳል፣ ይጨሳል። የእሷ አያለቅስም። ስለዚህ ትንሽ ብትወደድም የቆየ ምእመን የሚገዛው ከእሷ ነው።

ጠዋት ዕቃዋን ከመዘርጋቷ በፊት ከራሷ ጧፍ አራት ታበራለች። ሦስቱ ላረፉት ለአባቷ፣ ለእናቷና ለባሏ ለእንዳላማው ናቸው። እነሱን አንድ ላይ ታቆማቸዋለች። አራተኛውን ትንሽ ራቅ አድርጋ ለራሷ ታቆመዋለች። «ስለ ወለተ ሥላሴ» ትላለች፤ ክርስትና ስሟ ነው። ልጅ አልወለደችም። ከባሏ ጋር በኖረችበት አንድ ክፍል ውስጥ አሁን ብቻዋን ናት። ቀኑን ሙሉ ሰው ቢከባትም ከሰላምታና ከሒሳብ በቀር የሚያነጋግራት ጥቂት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው የኖረችው አንድ ትዝታ ነው።

የድንጋይ ቤት አለ። ክብ ነው፣ ባለ ደርብ። ወደ ላይ የሚወጣው በውጭ በኩል ግድግዳውን ታክኮ በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። ሰው ከላይ ይተኛል፣ ከብት ከታች፤ የከብቶቹ ትንፋሽ በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ያሞቃል። ከበሩ ፊት ለፊት ገደል አለ፤ ከገደሉ ማዶ ደግሞ ሌላ ገደል። አንዲት ሴት ደረጃውን ትወጣለች፤ ሕፃኗ ያለምወርቅ የሴትዮዋን የቀሚስ ጫፍ ይዛ ትከተላለች። የሴትዮዋ ተረከዝ የተሰነጠቀ ነው። ፊቷ የለም። ያለምወርቅ ቀና ብላ ያየቻትን ጊዜ ፈልጋ ፈልጋ አጥታዋለች፤ ሁልጊዜ የሚታያት ተረከዙ ነው።

ያደገችው ግን ይጁቤ አካባቢ ባለች የገበሬ መንደር ነው። በዚያ አገር ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት የለም። ቤቱ እንጨትና ጭቃ ነው፤ አገሩም የጤፍና የስንዴ ሜዳ።

ገና ትንሽ ሳለች እናቷን ጥሩብርሃንን፣ «እማዬ፣ ያ ቤታችን የት ሄደ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የቱ?»

«ደረጃ ያለው።»

ጥሩብርሃን የምታበጥረውን ስንዴ አስቀመጠች። «ሕልም ነው ልጄ። ሕልም ደግሞ ለሰው አይወራም።»

ሕፃን መቼ ይሰማል! ለጓደኞቿ አወራች። «ባለ ደርቧ!» ይሏት ጀመር። «ባለ ደርቧ መጣች፣ ደረጃ አምጡላት!» «ላሞችሽ ከታች ሆነው ምን አሉሽ?» እያለቀሰች ቤቷ ገባች። በማግስቱ ከልጆቹ አንዱም አልተሳደበም። ስለ ቤቱ ስትጀምር አንዷ ልጅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ «እናቴ ምላስሽን በእሳት ነው የምተኩሰው ብላኛለች» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ያንን ቤት ባነሣች ቁጥር ትልቁም ትንሹም ዝም ይላል። ከስድቡ ይልቅ ዝምታው ባሰባት።

ጠበል ወሰዷት። ተጠመቀች፣ ጠጣች፤ ቤቱ ግን አልሄደም። ከዚያ በኋላ ማውራቱን ተወችው።

ለእንዳላማው ስትታጭ እንደ አገሩ ልማድ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይኖር ዘር ቆጠሩ። የእሷ ወገን ሽማግሌ የደመላሽን አባትና አያት ብሎ ሲጀምር ጉሮሮውን ሳል ያዘው። ሌላው ተቀበለውና መሬት መሬቱን እያየ ቆጥሮ ጨረሰ። ያለምወርቅ ከጓዳ ሆና ይህን አየች። ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም፤ የሚያስረዳትም አልነበረም።

ባሏ ካረፈ በኋላ አጠገቧ አንዲት ወጣት ቤት ተከራየች። ሂዊ ትባላለች፤ መምህርት ናት፣ ሳቂታ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጥጥ ስታባዝትላት ያለምወርቅ ሳታስበው ያንን ቤት አወራችላት።

«እትዬ ያለም፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው!» አለች ሂዊ ስልኳን እያነሣች። «ሰው ከመወለዱ በፊት ሌላ ሰው ሆኖ ኖሮ ነበር ይላሉ። አንዳንዱ ያስታውሰዋል። አንዲት ሕፃን እንዲያውም የድሮ ባሏን ለይታ አወቀችው።»

«ሕፃኗ?»

«አዎ።»

«ባሏን?»

«አዎ እንጂ!»

«እግዚኦ! ሰውየውስ ምን አለ?»

«ደነገጠ።»

«ይደንግጥ እንጂ!»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ነገሩ ከያለምወርቅ ጋር ቀረ። ሰሙን ስታሻሽ ታስበዋለች። ያቺ የቀሚስ ጫፍ የያዘችው ልጅ ሌላ ሰው ከሆነች፣ ሞታለች ማለት ነው። ከሞተች ደግሞ ማን አለቀሰላት? ጠዋት የምታበራው አራተኛ ጧፍስ የማናቸው ነው?

ጭንቀቷ ሲበዛባት ለንስሐ አባቷ ለቄስ ፍሥሐ ነገረቻቸው። ቄስ ፍሥሐ ደብረ ወርቅ ተምረው ያደጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ሰው ሁለት ጊዜ ይኖራል?»

«ማን አለሽ?»

«ስልክ።»

«ስልክ የማይለው የለም።» ፈገግ አሉ። «የለም ወለተ ሥላሴ። ሰው አንዴ ይወለዳል፣ አንዴ ይኖራል፣ አንዴ ይሞታል። ነፍስ እንደ ኩታ ከሰው ወደ ሰው አትዋዋስም።»

«ታዲያ ያንን ቤት ማን አየው?»

«የቱን ቤት?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አድምጠው ሲጨርሱ ፈገግታቸው ጠፍቶ ነበር። «የከብቶቹ ትንፋሽ አሁንም ይሸትሻል?» አሏት።

«ይሸተኛል። ሙቀቱም ይሰማኛል።»

«በእርግጠኝነት የምነግርሽ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ሁለተኛ ሕይወት የለሽም። እንግዲያ ይህን ቤት አይተሽው ከሆነ ያየሽው በዚሁ በአንዱ ሕይወትሽ፣ በእነዚሁ ዓይኖችሽ ነው።»

ያለምወርቅ ይህን ስትነግረኝ፣ «ቤቱ ያን ቀን ከሰማይ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ» ብላኛለች። መሬት ላይ ካለ ደግሞ የሚያውቀው ሰው አለ። ወላጆቿ አርፈዋል፤ የእናቷ የልብ ጓደኛ ግን በሕይወት አሉ። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ መንኩሰው በዚያው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ሰባን አልፈዋል፣ ደረታቸውንም ያማቸዋል።

ተዘግቶ የነበረው መንገድ የተከፈተ ሰሞን በሚኒባስ ይጁቤ ወረደች፤ የቀረውን በእግሯ ሄደች። እማሆይ ስመው አስቀመጧት። ስለ ጤናና ስለ አዝመራ ተጠያየቁ። በኋላ ያለምወርቅ፣ «እማሆይ፣ እኔ ከዚህ መንደር በፊት…» ብላ ስትጀምር አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው አፏን ያዙ።

«ልጄ፣ ጥያቄሽን አትጨርሺው።»

«ለምን?»

«ከጨረስሽው ዝም ማለቴ መልስ ይሆናል። እሱም ግዝት መጣስ ነው።»

«ማን ነው የገዘተዎት?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው አለቀሱ እንጂ አልመለሱም።

ስትወጣ የድሮ ጎረቤታቸውን አቶ አንሙትን አጥር ሥር አገኘቻቸው። በመንደሩ ቀልደኛነታቸው የታወቀ ነው። «ጋሼ አንሙት፣ እርስዎም ተገዝተዋል?» አለቻቸው።

«እኔ? እኔ ከጠላ በሚስቴ ከተገዘትኩ ቆይቷል፤ እሱንም አልጠበቅኩ» ብለው ሊስቁ ጀመሩና ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አንቺን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ በዚህ መንደር ውሻው እንኳ አይጮህም» አሏት።

ስትመለስ ሚኒባሱ ሙሉ ነበር። በሁለት ሰዎች መካከል ተጣብቃ ተቀምጣ ስታስብ ነገሩ ሁሉ ገባት፤ አፋቸውን የያዙት ልጆች፣ የሽማግሌው ሳል፣ እናቷ ስንዴውን ያስቀመጠችበት ሁኔታ። ባደገችበት መንደር ማን እንደሆነች የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ክፉ አልዋሉባትም፤ እንዲያውም ሁሉም በአንድ ላይ ሆነው ሸሽገዋታል። ከእነሱ ያራቃትም ይኸው ነው።

ቄስ ፍሥሐ የሆነውን ሲሰሙ አመነቱ። «አሳዳጊዎችሽ ይህን ያስገዘቱት አንቺን ላለማጣት ይሆናል። መቃብራቸው ላይ ቆመን ፈቃዳቸውን ልናፈርስ?»

«እኔ ልጃቸው ነኝ አባ፤ ማንም አይነጥቀኝም። ግን ሌላ እናት ካለችኝ ስሟን ሳልጠራ ልሙት? እማሆይ ደግሞ ደክመዋል። እሳቸው ካለፉ በግዝቱ ላይ መቃብር ይጨመርበታል።»

ግዝቱን የጣሉት የመንደሩ ካህን ቄስ ምናለ ካረፉ ቆይተዋል። የሞተ ካህን የገዘተውን ሌላ ካህን ዝም ብሎ አይፈታም። ቄስ ፍሥሐ የበላዮቻቸውን ጠይቀው፣ ፈቃድ አግኝተው፣ አንድ እሑድ ከእሷ ጋር ሄዱ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ያለምወርቅ ሕፃን ሳለች ለአቅመ አዳምና ሔዋን ደርሰው የነበሩት ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጥቂት ናቸው። እማሆይን ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧቸው። ቄስ ፍሥሐ መስቀላቸውን ይዘው፣ «ምን እንደተገዘታችሁ አልጠየቅሁም። ስለዚህች ልጅ የታሰረ ቃል ካለ ግን በተሰጠኝ ሥልጣን ፈትቻችኋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። «አሜን» አሉና አንድ በአንድ መስቀል ተሳለሙ።

ከዚያ ማንም አልተናገረም። ዝምታ የለመደ አፍ ፈጥኖ አይከፈትም። ያለምወርቅ መሐላቸው ቆማለች፤ ዓይኗን ያያት ግን የለም።

«እንዴ!» አሉ አቶ አንሙት በመጨረሻ። «ተፈታን አይደል? ይህን ሁሉ ዘመን ሲያሳክከኝ የኖረ ምላስ ዛሬ ምን ዋጠው?» ሰው ሳቀ፤ ሴቶቹ ግን እያለቀሱ ነበር። «እማሆይ ይናገሩ» አሉ አንሙት። «እሳቸው ናቸው ያዩት።»

እማሆይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተናገሩ።

«በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። እናትሽ ጥሩብርሃን መካን ነበረች። ልጅ እንዲሰጣት ልትማጠን ደብረ ሊባኖስ አብረን ሄድን። ስንመለስ ደጀን ላይ ብዙ አውቶቡስ ቆሟል። ዓባይን የወጣ ሞተር ግሎባቸው ውኃ ያጠጡታል። ውስጡ ከወሎ ወደ መተከል ለሠፈራ የሚወሰድ ሰው ነው፤ አጥንቱ የወጣ። ያለችንን ዳቦ በመስኮት ማደል ጀመርን። አንዲት ሴት ዳቦውን አልተቀበለችም። በትኩሳት የምትቃጠል ልጅ በመስኮቱ አውጥታ ለጥሩብርሃን ሰጠቻት። ‹መንገድ ላይ ትሞትብኛለች፤ ያዢልኝ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ። አገርሽ የት ነው?› አለች። ጥሩብርሃን ‹ይጁቤ› አለቻት። መኪናው ሲነሣ ሴትዮዋ ጮኸች፤ ‹ወለተ ሥላሴ ናት! ብትሞት በስሟ አስፈቱልኝ!›»

ያለምወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ወለተ ሥላሴ…»

«እሷ የሰጠችሽ ስም ነው። እኛ አልነካነውም። ክርስትና ሁለት ጊዜ አይነሣም። የዓለም ስምሽን ሳትነግረን መኪናው ሄደ፤ ያለምወርቅ ያለችሽ ጥሩብርሃን ናት። ስለቷ የሠመረ መሰላት። በጠበል ዳንሽ። ደመላሽም ወደደሽ፤ ጣቱን ማር አስነክቶ አጠባሽና ልጄ ናት አለ። ከዚያ ቄስ ምናለን ለመነ፤ እሳቸውም ‹ይህችን ልጅ የእነዚህ ልጅ አይደለችም ያለ እንደ አርዮስ ይለይ› ብለው መንደሩን ገዘቱ። ማንም ባይተዋር ብሎ እንዳይሰድብሽ ነበር። ደግ ነገር የሠራን መስሎን ነበር።»

እማሆይ ሳል ያዛቸው። ውኃ ሰጧቸው። ያለምወርቅ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «መጥቼ እወስዳታለሁ ብላ ነበር» አለች።

«መጣች።»

እማሆይ ውኃውን ጠጥተው ቀጠሉ።

«ከሁለት ክረምት በኋላ በገበያ ቀን መጣች። ከመተከል አምልጣ ወደ አገሯ ወደ ላስታ ስትሄድ ነው። ‹እንዲህ ያለች ልጅ አላያችሁም?› እያለች ገበያውን ዞረች። መንደሩ ተገዝቷል። አላየንም ያላት የለም፤ አየን ያላትም የለም። ሁሉም እህል ይሰጣታል፣ እንጀራ ይሰጣታል፤ አንዱም ቃል አልሰጣትም። ጥሩብርሃን ይህን ስትሰማ አንቺን አዝላ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ሴትዮዋን ያሳደርኳት እኔ ነኝ። እግሯን አጠብኩ። ተረከዟ እንደ ክረምት መሬት የተሰነጣጠቀ ነበር።»

ያለምወርቅ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። ከቄስ ፍሥሐና ከሂዊ በቀር ስለ ተረከዙ ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር።

«የዓለም ስሟን ልጠይቃት ፈራሁ» አሉ እማሆይ። «ጨዋታ ከጀመርን ምላሴ የሚያመልጠኝ መሰለኝ። ሰው አሳድሮ ለጸሎት ክርስትና ስም መጠየቅ ግን ያለ ነው፤ እሱን ግዝት አይዘውም። ጠየቅኋት። ‹ወለተ ሐዋርያት› አለችኝ። ስትሄድ ቆሜ አየኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ስጸልይ ስሟን ሳልጠራ ውዬ አድሬ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ያለምወርቅን አቀፋት። የጥንት ጓደኛዋ፣ ያቺ አፏን የያዘችው፣ አሁን የልጅ ልጅ አዝላለች፤ «ባለ ደርቧ» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያለምወርቅ እያለቀሰች ሳቀች። የላስታ ሰው ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት እንደሚሠራ የነገሯት ቄስ ፍሥሐ ናቸው፤ በተማሪነታቸው እዚያ ድረስ ሲዘዋወሩ አይተውታል።

ከመለያየታቸው በፊት ጓደኛዋ፣ «ታዲያ አሁን ላስታ ሄደሽ ትፈልጊያታለሻ?» አለቻት።

«በክርስትና ስም?» አሉ አቶ አንሙት፤ በዚህ ጊዜ አልቀለዱም። «በክርስትና ስም ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ሰማይ ቤት ብቻ ነው። ላስታማ ስንት ወለተ ሐዋርያት አለ!»

እውነታቸውን ነው። መንገዱም እንደምናውቀው ነው፤ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ያለምወርቅ ሲረጋጋ ለመሄድ ታስባለች። ባለ ደርብ ቤት፣ ከፊቱ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል እያለች ልትጠይቅ ነው። ሂዊ በስልኳ የቤቶችን ፎቶ ታሳያታለች፤ እሷ ደግሞ እያንዳንዱን፣ «ደረጃው በዚህ በኩል አይደለም» እያለች ታልፈዋለች። እስካሁን ግን የሴትዮዋ ፊት አልመጣላትም። እማሆይም ስለ ፊቷ ብዙ ሳይነግሯት ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተለኮሰው ጧፍ በሙሉ የያለምወርቅ እጅ ሥራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ቄስ ፍሥሐ ከቅዳሴ በፊት በሩ ላይ አገኟት። በጸሎት የምታስታውሳቸውን ስሞች እንደወትሮው ነገረቻቸው፤ አባቷን፣ እናቷን ጥሩብርሃንን፣ ባሏን፣ አሁን ደግሞ እማሆይን። ከዚያ፣ «ወለተ ሐዋርያትንም» አለች።

ቄስ ፍሥሐ መጠየቅ ነበረባቸው፤ የሁለቱ ጸሎት ለየብቻ ነውና። «ከሙታን ጋር ነው ወይስ ከሕያዋን ጋር የማነሣት?»

እኔ ከጀርባዋ ጧፍ ልገዛ ቆሜ ነበር። ፊቷን አላየሁም። በእጇ አዲስ ጧፍ ይዛለች። አራቱ ጧፎች ባንድ ላይ ለሙታን በርተዋል፤ የእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሟል። ጎንበስ አለችና አዲሱን ከራሷ ጧፍ አቀጣጥላ፣ እዚያው አጠገቡ አቆመችው።

«ከሕያዋን ጋር፣ አባ» አለች።